ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ሰርቪሱን እዩት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኮምፒዩተር ደህንነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። ፓስወርድ አጠንክሩ፣ የማታውቁትን ሊንክ አትንኩ፣ አንቲቫይረስ አድሱ ይላል። ማን ይቃወማል? ግን እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ኮምፒዩተር ስጠግን የምውል ሰው ነኝ። ሳቢያን ባሉ ክሊኒኮች፣ ታይዋን ባሉ ሱቆች፣ እዚሁ ከዚራ ባሉ ቢሮዎች ስዞር አብዝቶ የሚገጥመኝ ችግር እናንተ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቫይረስ አይደለም። ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ባለሙያ መጥቶ የጫነው፣ ርክክብ የተፈረመበት ሶፍትዌር ነው። ደረሰኝ ሁሉ አለው። እና እዚያ ማሽን ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ተራ ሠራተኛ፣ ከፈለገ፣ የአድሚን ፓስወርድ ሳያውቅ የማሽኑ ጌታ መሆን ይችላል።

ሠራተኛ ለማማት አይደለም። ሠራተኛው ራሱ ምንም ላያስብ ይችላል። ግን ከሰው የተዋሰውን ፍላሽ ሲሰካ ወይም በኢሜይል የመጣለትን ፋይል ሲከፍት አንድ ክፉ ፕሮግራም በስሙ ከገባ፣ ያ ፕሮግራም ቀጥሎ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። በካሸር አቅም ገብቶ በአድሚን አቅም መሥራት። በሙያው ያለን ሰዎች ፕሪቪሌጅ ኤስካሌሽን የምንለው እሱን ነው። ለሠራተኛው የተገደበ አካውንት የሰጣችሁት እኮ ይሄ እንዳይሆን ነበር።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ከባድ አይደለም።

ዊንዶውስ ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አለ በሉ። አንዱ እናንተ ስትከፍቱት የሚከፈት ነው፤ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ብራውዘር። ይሄ የሚሠራው በእናንተ አቅም ነው። ካሸር ከሆናችሁ እሱም ካሸር ነው። ሌላው ሰርቪስ ነው። ሰርቪስ ማሽኑ እንደተነሳ፣ ገና ማንም ሳይገባበት፣ ከጀርባ ራሱን ችሎ ይጀምራል። አንቲቫይረሱ፣ የዳታቤዙ ሞተር፣ ለፕሪንተር ወረፋ የሚያስይዘው፣ የጣት አሻራ ማሽኑን የሚያዳምጠው፣ ሁሉም ሰርቪስ ናቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ሎካል ሲስተም በሚባል አካውንት ነው። ይሄ አካውንት መግቢያው ስክሪን ላይ አይታይም፣ ፓስወርድም አይጠየቅም፣ አቅሙ ግን በዚያ ማሽን ላይ ከአድሚን በላይ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። አንቲቫይረስ ማጥፋት፣ አዲስ አድሚን መፍጠር፣ የሥራ አስኪያጁን ፋይል ከፍቶ ማንበብ፣ ሁሉም በእጁ ነው።

እያንዳንዱ ሰርቪስ ደግሞ አድራሻ አለው። የሚነሳው ኤግዚ ፋይል፣ ማለት ፕሮግራሙ ራሱ፣ የት ፎልደር ውስጥ እንዳለ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ማሽኑ ሲነሳ ዊንዶውስ ያንን አድራሻ ያነባል፣ ፋይሉን ያገኛል፣ ያስነሳዋል። ጣጣው ያለው እዚህ ንባቡ ላይ ነው።

አቦ፣ በድሬኛ ላስረዳ። አንድ ልጅ እቃ አስይዛችሁ መጋላ ላካችሁት። «አህመድ ዩሱፍ አሊ ለሚባል ሰው ስጥ» አላችሁት። ልጁ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ቆመና «አህመድ!» ብሎ ተጣራ። አቤት ያለ ካለ እቃውን አስረክቦ ይመለሳል። ዝም ከተባለ ትንሽ ገባ ብሎ «አህመድ ዩሱፍ!» ይላል። እሱም ከጠፋ ነው ሙሉ ስሙን ጠርቶ እውነተኛውን ሰው የሚያገኘው። መጋላ ላይ አህመድ ተብሎ ተጠርቶ አቤት የሚል ሲጠፋ አይቼ አላውቅም።

ዊንዶውስም የሚፈልገው እንደዚያ ነው። አድራሻው መሀል ባዶ ቦታ ካለ፣ እና አድራሻው በትዕምርተ ጥቅስ ካልታቀፈ፣ የፋይሉ ስም የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል። ከመጀመሪያው ተነስቶ፣ ባዶ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ቆም እያለ፣ እዚህ ጋ የሚያልቅ ፕሮግራም አለ ወይ ብሎ ያያል። ለምሳሌ አድራሻው እንዲህ ተጽፏል እንበል፦

ሲ፡\ፔይሮል ሲስተም\አቴንዳንስ ሰርቨር\ሜን.ኤግዚ

መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ላይ «ፔይሮል.ኤግዚ» የሚባል ነገር ይፈልጋል። ከሌለ «ፔይሮል ሲስተም» ፎልደር ውስጥ ይገባና «አቴንዳንስ.ኤግዚ» ይፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉ ነው ሜን.ኤግዚ ጋ የሚደርሰው። ከነዚያ ከሁለቱ ቦታዎች በአንዱ፣ በዚያ ስም፣ የራሱን ፋይል ማስቀመጥ የቻለ ሰው ሥራው አለቀ። ፋይሉ በሚቀጥለው ጊዜ በሎካል ሲስተም አቅም ይነሳለታል። ምንም ነገር መስበር አላስፈለገውም።

አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ማካፊ ቫይረስስካን 4.5 ላይ ተገኝቶ የታወቁ የደህንነት ክፍተቶች በሚመዘገቡበት ዝርዝር ላይ ሲቪኢ-2000-1128 የሚል መለያ ተሰጥቶታል። ልብ በሉ፣ አንቲቫይረስ ነው። ማሽኑን ይጠብቃል ተብሎ የተገዛው ፕሮግራም የራሱን ሰርቪስ አድራሻ ያለ ትዕምርተ ጥቅስ ጽፎት ነበርና፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ «ኮመን.ኤግዚ» የሚል ፋይል ማስቀመጥ የቻለ ሰው ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሽናይደር ኤሌክትሪክ የላይሰንስ ማስተዳደሪያ ላይ ወጣ፤ ሲቪኢ-2014-0759 ነው። ሪልፕሌየር ላይም ወጥቶ ያውቃል። ስህተቱ ከመደጋገሙ የተነሳ በዓለም አቀፉ የሶፍትዌር ድክመቶች መዝገብ ላይ የራሱ ቁጥር አለው፣ ሲደብሊውኢ-428። ማይክሮሶፍትም ለፕሮግራመሮች በጻፈው ሰነድ ላይ፣ ክሪኤት ፕሮሰስ የሚባለውን፣ ፕሮግራም የሚያስነሳውን ፈንክሽን ሲያብራራ፣ አድራሻውን በትዕምርተ ጥቅስ እቀፉ ብሎ ያስጠነቅቃል። የሚያነብ ከተገኘ።

በነገራችን ላይ ዊንዶውስ ራሱ አንዳንዴ ይጮሃል። ሲ ድራይቭ ላይ «ፕሮግራም» ብቻ የሚል ፋይል ወይም ፎልደር ካለ፣ ስትገቡ «ፋይል ኔም ዋርኒንግ» የሚል መልእክት ያወጣል። አንዳንድ ፕሮግራሞች በትክክል ላይሠሩ ይችላሉ፣ ስሙን «ፕሮግራም1» ልበለው ወይ ይላል። ምክንያቱ ይሄው ባዶ ቦታ ነው። «ፕሮግራም ፋይልስ» ሲነበብ «ፕሮግራም» ላይ ይቆማላ! ሰዉ ግን መልእክቱን ሳያነብ «ኢግኖር» ብሎ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ባልደረቦቼ የማይወዱትን ልናገር። ትዕምርተ ጥቅሱ መጉደሉ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይጎዳም። በደንብ የተጫነ ዊንዶውስ ላይ ተራ ዩዘር ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ ፎልደር መፍጠር ይችላል፣ ፋይል ማስቀመጥ ግን አይችልም። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥም መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ሰርቪሱ እዚያ ውስጥ ከሆነ፣ ትዕምርተ ጥቅስ ባይኖረውም፣ ተራው ዩዘር የውሸቱን ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም። የደህንነት ክፍተት የሚፈልግ ስካነር ሶፍትዌር ይዘው መጥተው፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው፣ ይሄን ሁሉ ቀይ በቀይ አትመው «ኩባንያችሁ አደጋ ላይ ነው» የሚሉ አማካሪዎች አሉ፤ የፎልደሩን ፈቃድ ሳያዩ የሚያስፈራሩ ከሆነ ለወረቀቱ እንኳን አትክፈሏቸው።

የሚጎዳው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ያልታቀፈ አድራሻ እና ማንም የሚጽፍበት ፎልደር። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ብቻውንም ይበቃል። ፎልደሩ ክፍት ከሆነ የባዶ ቦታው ብልሃት አያስፈልግም፤ እውነተኛውን ሜን.ኤግዚ ስሙን ቀይሮ የራሱን በቦታው ማስቀመጥ ይችላል። ሰርቪሱ እየሠራ ስለሆነ ፋይሉ ይቆለፋል ብላችሁ አትጽናኑ። እየሠራ ያለ ኤግዚን በላዩ መጻፍ አይቻልም እንጂ ስሙን መቀየርማ ይቻላል።

እና እኛ ከተማ ውስጥ ፎልደሩ ለምን ክፍት ይሆናል? እዚህ ላይ ነው ብስጭቴ።

ብዙ የአገር ውስጥ ሲስተሞች፣ የደመወዝ በሉት የስቶር በሉት የትምህርት ቤት ውጤት፣ ዳታቸውንና ሴቲንጋቸውን የሚጽፉት ኤግዚው ያለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ይሄ ከድሮ የቀረ ልማድ ነው። ተለዋዋጭ ዳታ መቀመጥ ያለበት «ፕሮግራም ዳታ» በሚባለው ፎልደር ወይም በየዩዘሩ ፎልደር ውስጥ ነው። ሲስተሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ተጭኖ እዚያው ልጻፍ ሲል «አክሰስ ዲናይድ» ይለዋል። ዊንዶውስ ሥራውን እየሠራ ነው። ሊጭን የመጣው ልጅ ግን ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ምን ያደርጋል? ወይ ሁሉንም አንስቶ ሲ ድራይቭ ላይ አዲስ ፎልደር ከፍቶ ይጭነዋል፣ ወይ ባለበት ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ ብሎ «ኤቭሪዋን፣ ፉል ኮንትሮል» ይሰጣል። ሁለቱም ይሠራሉ። መልእክቱ ይጠፋል፣ ሲስተሙ ይከፈታል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያው በተለይ ንጹህ ይመስላል። ማንም ፈቃድ አልነካም፣ ፎልደር ብቻ ነው የተከፈተው። ግን ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ አዲስ የተከፈተ ፎልደር ከላዩ የሚወርሰው ፈቃድ ልቅ ነው፤ ወደ ማሽኑ በፓስወርዱ የገባ ማንኛውም ዩዘር እንዲጽፍበት፣ እንዲያጠፋበት፣ ስም እንዲቀይርበት ይፈቅዳል። ዊንዶውስ ከፋብሪካው እንደዚያ ነው። ፕሮግራም ፋይልስ ጥብቅ የሆነው ማይክሮሶፍት ለይቶ ስላጠበቀው ነው፣ ሌላው ፎልደር ሁሉ እንደሱ ይሆናል ማለት አይደለም። ዲ ድራይቭ ላይ የጫናችሁም ራሳችሁን እዩ።

አንድ የከተማችን ድርጅት ይሄው ነገር ገጠመኝ። ማንነቱን አልጠቅስም፣ አቅራቢውንም። የጣት አሻራ መቆጣጠሪያና ደመወዝ አንድ ላይ የሚሠራ ሲስተም ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ነው የተጫነው፣ አድራሻው አልታቀፈም፣ ሰርቪሱ በሎካል ሲስተም ነው፣ እና ለማጠናከሪያ ይሆናል መሰለኝ «ኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል» ተጨምሮበታል። አቅራቢው ጋ ደወልኩ። ስልክ ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው፣ አይከፋም።

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ ይሠራል አይደል?» አለኝ።

«ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? እሱን ከዘጋኸው ይቆማል። ከቆመ ደግሞ ሰፖርት አልገባበትም።»

የፋይናንስ ኃላፊው ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንዲህ እንዲህ ነው» አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ እሱን ሁሉ እኔ አላውቅም፣ ግን ካሸሯ የደመወዝ ሰነዱን መክፈት አትችልም፣ ከልክለናታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ከልክለዋታል። በአካውንቷ ስትገባ ያ ፎልደር አይከፈትላትም። እንግዲያው ልሞክረው አልኩ። ፈቃዱን በጽሑፍ አስፈርሜ፣ እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ዳታው ባክአፕ ተደርጎ። በካሸሯ አካውንት ገባሁ። ምንም የማይጎዳ ፕሮግራም፣ በማን ስም እንደተነሳ አንድ ቴክስት ፋይል ላይ ከመጻፍ በቀር ሥራ የሌለው፣ «አቴንዳንስ.ኤግዚ» ብዬ ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጥኩ። ምንም አልጠየቀኝም። ማሽኑን ሪስታርት አደረግን። ቴክስት ፋይሉን ስንከፍተው «ኤንቲ ኦቶሪቲ፣ ሲስተም» ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው «ይሄ ማነው?» አሉ። ሎካል ሲስተም ነው፣ ከእርስዎም ከእኔም በላይ የሆነው አልኳቸው። የሙከራ ፋይሌን አጠፋሁ፣ ሲስተሙ ተመለሰ፣ ንግግሩም ያን ጊዜ ተጀመረ።

ሪስታርት ስላልኩ አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ መጻሕፍት ላይ ይሄን ሲያስረዱ፣ አጥቂው ሰርቪሱ እንደገና እስኪነሳ መጠበቅ አለበት፣ ተራ ዩዘር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰርቪስ አቁሞ ማስነሳት አይፈቀድለትም ይላሉ። ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ የማይችል ከሆነ ሲጠብቅ ሊከርም ነው ማለት ነው። እኛ ጋ? መብራት አለልን አይደል! ሲሄድና ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። ዩፒኤሱም ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። እንኳን መብራት፣ በግንቦት ሙቀት የሰርቨር ክፍሉ ኤሲ ሲቆም ማሽኑ ግሎ ራሱን ያጠፋል። አጥቂው ሻይ እየጠጣ ቢጠብቅ ይደርስለታል።

«ዊንዶውሳችንን አፕዴት እናደርጋለን» የሚለኝም ብዙ ነው። አድርጉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንዳቆመ እወቁ። ግን የምናወራው ነገር በአፕዴት አይስተካከልም። አድራሻውን የጻፈው አቅራቢው ነው፣ ፎልደሩን የከፈተው ጫኚው ነው። አዲስ ማሽን ገዝታችሁ ዊንዶውስ 11 አስገብታችሁ ያንኑ ሲስተም በዚያው መንገድ ከጫናችሁት ችግሩ አብሯችሁ ይሄዳል።

ማየት ለምትፈልጉ፣ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ክፈቱት። ዝርዝሩ ይመጣል። ከዊንዶውስ ጋር የመጡትን እለፏቸው፣ አቅራቢው ያስገባውን ፈልጉ። ደብል ክሊክ አድርጉት። «ፓዝ ቱ ኤግዚኪዩታብል» የሚል መስመር አለ፤ አድራሻው ውስጥ ባዶ ቦታ አለ ወይ? ካለስ በትዕምርተ ጥቅስ ታቅፏል? «ሎግ ኦን» የሚለውን ታብ ደግሞ ክፈቱና በማን አካውንት እንደሚሠራ እዩ። ከዚያ ወደ ፎልደሩ ሂዱ፣ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ። «ኤቭሪዋን»፣ «ዩዘርስ» ወይም «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» የሚሉት ላይ ሞዲፋይ፣ ራይት ወይም ፉል ኮንትሮል ላይ ምልክት ካለ አገኛችሁት። የላይኛዎቹን ፎልደሮችም እስከ ሲ ድራይቭ ድረስ እንደዚሁ እዩ፣ ምክንያቱም ያ «አቴንዳንስ.ኤግዚ» የሚቀመጠው ከውስጠኛው ፎልደር አንድ ደረጃ በላይ ነው። እዚህ ድረስ ማንም ሊያደርገው ይችላል፣ ምንም አይበላሽም።

ማስተካከሉን ግን ለሚያውቅ ሰው ተዉት። ትዕምርተ ጥቅሱ የሚጨመረው ሬጅስትሪ ላይ ነው፣ እና መጀመሪያ የዚያን ሰርቪስ ክፍል ኤክስፖርት አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከኤግዚው በኋላ ተጨማሪ ትዕዛዝ የተጻፈ ከሆነ ጥቅሱ የሚያቅፈው እስከ ኤግዚው ብቻ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ካቀፉት ሰርቪሱ ፋይሉን አጣሁት ብሎ አይነሳም፣ ያኔ «ነካክቶ አበላሸው» ትባላላችሁ። ፎልደሩን ማጥበቅ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ኤግዚዎቹ ያሉበትን ተራ ዩዘር እንዲያነብና እንዲያስነሳ ብቻ መፍቀድ፣ ሲስተሙ የግድ የሚጽፍበት ንዑስ ፎልደር ካለ እሱን ብቻ ለይቶ መክፈት። የአቅራቢው ልጅ «ይቆማል» ያለው ሁሉንም በአንዴ ለሚዘጋ ሰው እውነት ነው፤ እየለዩ ሲሠሩት ግን ያ ሲስተም አልቆመም፣ ዛሬም እየሠራ ነው። ደግሞም አቅራቢው አዲስ ቨርዥን በጫነ ቁጥር ሁሉንም ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ ተመልሶ ማየት ነው።

ሎካል ሲስተም ራሱ ላይም ጥያቄ አለኝ። የጣት አሻራ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከአድሚን በላይ አቅም ምን ያደርግለታል? ሎካል ሰርቪስና ኔትወርክ ሰርቪስ የሚባሉ አነስተኛ አካውንቶች ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ አሉ። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱን ቨርቹዋል አካውንት መስጠት ይቻላል፣ ፓስወርዱንም ዊንዶውስ ራሱ ያስተዳድረዋል። ሎካል ሲስተም የሚመረጠው ስለሚያስፈልግ ሳይሆን ከእሱ ጋር ምንም ነገር «አክሰስ ዲናይድ» ስለማይል ነው። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሕጉንም ላንሳ፣ በሁለት ወገን ስለሚነካን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትን ይቀጣል። ስለዚህ ይሄን ያነበባችሁ ወጣቶች፣ መሥሪያ ቤት ማሽን ላይ ሄዳችሁ «ልሞክረው» እንዳትሉ፤ እኔም ያስፈረምኩት ለዚሁ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘው ድርጅት ጥበቃ እንዲያደርግ ግዴታ ይጥልበታል። የያዛችሁት የሠራተኛ ጣት አሻራና ደመወዝ ነው፣ ክሊኒክ ከሆናችሁ የበሽተኛ ካርድ ነው። ነገ መረጃው ሲወጣ «አቅራቢው ነው የከፈተው» ማለት የሚያዋጣ አይመስለኝም፣ ርክክቡ ላይ ያለው ፊርማ የእናንተ ነዋ።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ጨረታ ሰነዶቻችን ላይ የሚጻፈው ራም ስንት ነው፣ ዋስትናው ስንት ዓመት ነው፣ ሥልጠና ለስንት ሰው ነው የሚል ነው። ሲስተሙ በማን አቅም ይሠራል፣ የት ይጫናል፣ ተራ ዩዘር የት የት መጻፍ ይችላል የሚል አላየሁም። ይሄን መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ርክክቡ ላይ አንድ ወረቀት ይጨመር። አቅራቢው ያስገባቸውን ሰርቪሶች ስም፣ አድራሻቸውን፣ የሚሠሩበትን አካውንት፣ የፎልደሮቹን ፈቃድ ጽፎ ይፈርም። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው አንድ ሌላ ሰው፣ የአቅራቢው ሠራተኛ ያልሆነ፣ በተራ አካውንት ገብቶ ወረቀቱን ከማሽኑ ጋር ካመሳከረ በኋላ ይሁን። ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ትንንሽ ሱቆች ይሄን ማስገደድ አይችሉም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ። ግን ትልልቆቹ ገዢዎች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አስተዳደሩ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያሉት ፋብሪካዎች፣ ከጠየቁ አቅራቢው ኢንስቶለሩን አንዴ ያስተካክላል፣ ያው የተስተካከለው ለባለ ሱቁም ይደርሰዋል። ፕሮግራመሮቹ እኮ አይችሉም አይደለም፣ የጠየቃቸው የለም እንጂ። እኔ ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጎበዞች ናቸው።

አቅራቢዎች «በማን ወጪ?» ማለታቸው አይቀርም። ለአዲስ ሽያጭ በራሳቸው ወጪ ነው፣ ሲጀመር በትክክል መጫን የሥራው አካል ስለሆነ። ለድሮዎቹ ግን እኔም መልሱን ለብቻዬ አልወስንም፤ የሰፖርት ክፍያ በየዓመቱ የሚቀበል አቅራቢ በዚያው ውስጥ ቢያስተካክል ፍትሐዊ ይመስለኛል፣ አንዴ ሸጦ የሄደውን ግን ማስገደድ ከባድ ነው። ጋዜጣችሁ ከአቅራቢዎቹም ከገዢዎቹም ጠይቆ ቢጽፍበት ከፓስወርድ ምክሩ የበለጠ ይጠቅመናል።

እስከዚያው ማሽናቸውን ያዩና ሲ ድራይቭ ላይ ወይም ሲስተሙ ፎልደር ውስጥ የማያውቁት ኤግዚ ያገኙ ሰዎች፣ ለምሳሌ ፎልደሩ «ፔይሮል ሲስተም» ሆኖ ከጎኑ «ፔይሮል.ኤግዚ» ተቀምጦ ካገኛችሁ፣ እባካችሁ ደንግጣችሁ ወዲያው አታጥፉት፣ ደብል ክሊክም አታድርጉት። ማሽኑን ከኔትወርክ ንቀሉ። የፋይሉን ቀንና ባለቤት ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ኢቬንት ቪወር በሚባለው፣ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ በሚመዘግብበት ፕሮግራም ውስጥ፣ ሲስተም የሚለውን ሎግ ክፈቱና 7009 እና 7000 የሚሉ ቁጥሮችን ፈልጉ። የውሸት ፋይል ብዙ ጊዜ እንደ ሰርቪስ መልስ መስጠት ስለማይችል ዊንዶውስ 30 ሰከንድ ጠብቆ ስህተት 1053 ብሎ ይመዘግባል። 1053 በሌላ ምክንያትም ይመጣል፣ ስለዚህ እሱን ብቻ አይታችሁ ሰው አትክሰሱ። ሁሉንም ይዛችሁ ግን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፣ ሲስተሙን እንደገና የሚጭነው ልጅ ከመምጣቱ በፊት።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ